ስድስተኛው ሶኬት

«ይኼን ነገር ልንቀለውና የውኃ ማፍያውን ልሰካበት» አሉ እትዬ ዘነበች። እጃቸው ከቃላቸው ቀድሞ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቶ ገመዱን ጨብጧል።

«አይነካ!»

ጥሩወርቅ ከፍራሹ እንዴት እንደተነሣች ለራሷም አልታወቃትም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ደግፎ ያስነሣት፣ ሰው ደግፎ ያስቀመጣት ሴት፣ የለቀስተኛውን ጉልበት ሁሉ ተሻግራ የእትዬ ዘነበችን እጅ ለቀም አድርጋ ይዛለች። ባልሽ ደበበ ሞተ ሲሏት እንኳ እንዲህ አልጮኸችም ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ቤቷ ዐረብ አገር፣ ሙሰፋሕ ሻቢያ የሚባል ሰፈር ያለች፣ ባለሁለት ክፍል ናት። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከበር ውጭ ኮሪደሩ ላይ ካርታ የያዙት ወንዶች እንኳ ጨዋታቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ የሙዚቃ ዕቃ እኮ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች፣ እጃቸውን ሳያስለቅቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንኳ ይሸፈናል። ይኼ አረንጓዴ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያየን ነውር አይደለም?»

«አይዘፍንም እትዬ ዘነቡ። ሰዓቱ ነው እየሞቀ ያለው።»

ሰዓቱ እየሞቀ ነው! ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ አማተበች፣ ሌላዋ «ኀዘኑ ጭንቅላቷን ነካው መሰለኝ» ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። በሹክሹክታ የተባለ ነገር ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

እትዬ ዘነበች አል ፈላሕ በሚገኝ ቪላ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ፣ ሀበሻው ሁሉ ሰርግም ለቅሶም ሲሆን አስቀድሞ የሚደውልላቸው ሴት ናቸው። ለደበበ ለቅሶ ማዳማቸውን አንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቀው ነው የመጡት። ሰው ያወራውን ሳይሆን በዓይናቸው ያዩትን የሚያምኑ ስለሆኑ የጥሩወርቅን ፊት አዩና ገመዱን ለቀቁ። «ኸላስ፣ ይቅር። ውኃውን ከጎረቤት አፍልተን እናመጣለን» አሉ። ከዚያ ጥቁር ሻሽ አምጥተው ሳጥኑ ላይ ጣል አደረጉበት። የጥሩወርቅ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአብስራ ደግሞ ቀስ ብላ ሄዳ ሻሹን ከኋላ በኩል ገለጥ አደረገችው።

«ኢት ኒድስ ኤር» አለች። «ካልተነፈሰ በጣም ይሞቃል፣ ዳዲ ነው የነገረኝ።»

ለማያውቀው ሰው ነገሩ ጥቁር የብረት ሳጥን ነው። የሙዚቃ ሰርቨር ይሉታል። በሺህ የሚቆጠር ዘፈን ሆዱ ውስጥ ይዞ ለድምፅ ማጉያው ያቀብላል። ደበበ የዚህ ባለሙያ ነበር፤ ሳዲያት ደሴት ላይ ካሉት ቪላዎች እየገባ ይተክላል፣ ያስተካክላል፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሲያዳምጥ ይውላል። ይኼኛውን ግን ለራሱ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ጥሩወርቅ «ጣውንቴ» ትለው ነበር።

ደበበ ስለ ሁለት ነገር ከጀመረ ማቆሚያ አልነበረውም፤ ስለ መብራትና ስለ ሰዓት። «መብራት ንጹሕ ይመስልሻል?» ይላታል እራት እየበሉ። «የወንዝ ውኃ በይው። ከላይ ያለው ሁሉ ልብሱን ያጥብበታል። የጎረቤት ኤሲ፣ ሊፍቱ፣ የኛው ፍሪጅ። እኛ ጋ ሲደርስ ደፍርሷል።» ስለዚህ ለሳጥኑ መብራት የሚያጠራ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ትራንስፎርመር ለብቻው ሠራለት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ ጊዜ የሚነግር ሰዓት አይደለም። ምስር የምታህል ክሪስታል ናት፤ በሴኮንድ ዐሥር ሚሊዮን ጊዜ ትርገበገባለች፣ እያንዳንዱ የድምፅ ቅንጣት በተራው እንዲወጣ የምታዘው እሷ ናት። እሷ ከተዛነፈች ዘፋኙም አለ፣ ክራሩም አለ፣ ግን እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አይነጋገሩም። ቅዝቃዜ ስለሚያዛንፋት በትንሽዬ ምድጃ ውስጥ ታሽጋ አንድ ዓይነት ሙቀት ይጠበቅላታል። አንዴ መብራት ከተቋረጠባትና ከበረደች፣ እንደገና እስክትረጋ ሠላሳ ቀን ትፈልጋለች።

«ሠላሳ ቀን!» ትለው ነበር ጥሩወርቅ። «አራስ ናት እንዴ ጣውንቴ?»

እሱም ይስቅ ነበር። ይኼ ሁሉ የሳቅ ነገር ነበር።

ታዲያ ያችን ሙቀት ያጠፋቻት ጥሩወርቅ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ደበበ ሻወር ቤት ሳለ ሰማያዊ ሸሚዙን ልትተኩስለት ካውያውን ይዛ መጣች። የመኝታ ቤቱ ሶኬት ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ የሰው መብራት ሲያጠራ የሚውል ባል የቤቱን ሶኬት መቼ ያያል! የሳሎኑን ደግሞ ሁለቱንም ቀዳዳ የሳጥኑ ገመዶች ይዘውታል። ለአምስት ደቂቃ ምን ይሆናል ብላ ነቀለችው። ሸሚዙን ተኩሳ፣ ገመዱን መልሳ ሰክታ፣ ቁርስ ልታቀርብ ሄደች።

ማታ ደበበ ከሥራ ሲገባ ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ጥርዬ፣ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አዎ፣ ጠዋት ትንሽ ጠፍቶ ነበር።»

እንዲሁ ከአፏ ወጣ። ደበበ የሚጮኽ፣ እጁን የሚሰነዝር ሰው አይደለም። ዝም ነው የሚለው። ሳጥኑን ገና ሲሠራው የአብስራ ዕቃዎቹ ላይ ጭማቂ ብትደፋበት ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ጥሩወርቅ ያንን ዝምታ ፈርታ ነው የዋሸችው። እሱም «እንግዲያው አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ» አለና ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዐሥራ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ቅዳሜ፣ አል ዐይን ከተማ፣ ሰናኢያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ወዳለው ወደ ጓደኛው ወደ ሀሩን ወርክሾፕ ሄደ። «የመብራት ሳጥን እየሠራን ነው፣ ማታ ይዤው እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ሲመለስ፣ ከከተማው ወጣ እንዳለ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ መሪው ላይ ደገፍ እንዳለ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

መብራት አልጠፋም። ባልተቋረጠ መብራት ምክንያት መንገድ ወጥቶ ቀረ። ለቀስተኛው ሁሉ የሚያለቅሰው ለሞተው ደበበ ነው፤ የተዋሸውን ደበበ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እንባዋ ሲመጣ ይኼ ነገር ይቀድመዋል፣ እንባውም ይመለሳል።

በአምስተኛው ቀን ሬሳው ወደ አገር ቤት ተላከ። እሷ አልሄደችም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በባሏ ስም ስለሆነ፣ ከወጣሽ መመለስሽን እንጃ አሏት፣ የልጅቷም ፈተና ነው። ደሴ ላይ የደበበ ታላቅ ወንድም ኃይሉ ተቀብሎ ቀበረው። ቀብሩን በስልክ አየችው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ የካህኑ አፍ ይንቀሳቀስና ድምፁ ቆይቶ ይመጣል፣ አፈሩ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው ዷ ሲል የሚሰማው። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ድምፁ የሌላ ሰው ደረት ይመስላል። ጥሩወርቅ በዐሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ደበበ ስለ ሰዓት የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ገባት። ልትነግረው ዞር አለች። ዞር ያለችበት ቦታ እትዬ ዘነበች ነበሩ።

እንግዲህ እሷና ደበበ የተዋወቁትም በዚሁ በድምፅ ነገር ነው። ያኔ እሷ አል ዐይን አንድ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የእንግዳ መቀበያውን ሙዚቃ ሊያስተካክል የመጣ አንድ ከሲታ ሀበሻ «እኅት፣ የምታጸጂበትን ማሽን ለአንድ አፍታ ብታጠፊልኝ» አላት። አጠፋችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «አሁን ንጹሕ ነው» አለ።

«ፍሪጁስ?» አለችው።

«የቱ ፍሪጅ?»

«እዚያ ውስጥ ፍሪጅ ይሰማኛል» ብላ ድምፅ ማጉያውን አሳየችው።

ደበበ ሳቀባት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ፍሪጁን ነቀለ፤ ተመልሶ ሲያዳምጥ ሳቁ ጠፋ። ፍሪጁና ድምፅ ማጉያው አንድ የመብራት መስመር ላይ ነበሩ። ባለሙያው ያልሰማውን ወለል የምትወለውል ልጅ ሰማችው። በሳምንቱ ምንም ያልተበላሸ ዕቃ ሊጠግን ተመልሶ መጣ፤ በሌላው ሳምንትም እንደዚሁ። ከተጋቡ በኋላ አዲስ ነገር በገጠመ ቁጥር ወንበሩ ላይ አስቀምጧት «ሰማሽ?» ይላታል። አንዳንዴ ትሰማለች። ብዙውን ጊዜ ሐሳቧ የጣደችው ምስር ወጥ ላይ ስለሚሆን «ሰማሁ» ትለዋለች። ስትዋሸው የመጀመሪያዋ አልነበረም ማለት ነው።

በስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ትንሽ ቀለል ሲል፣ ጥሩወርቅ እትዬ ዘነበችን «እትዬ ዘነቡ፣ ሰው ሳይነካው ሰው ይገድላል?» አለቻቸው።

እትዬ ዘነበች ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ስሚኝ ጥርዬ። እናቴ ስትሞት እኔ እዚህ የሰው ልጅ ጡጦ ይዤ ነበር። በዚያው ሳምንት ደውላ ነበር፣ ‹ማዳም አለች፣ ቆይቼ› ብዬ ዘጋሁባት። እኔ ነኝ የገደልኳት? ለሞተ ሰው ሁሉ ገዳይ ስንፈልግለት ብንኖር አገሩ ሁሉ ወህኒ ይገባ ነበር።»

«የርስዎ ሌላ ነው።»

«የሁሉም ሰው የራሱ ሌላ ነው» አሉና ሽንኩርታቸውን አነሡ። ጥሩወርቅ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ እንግዳ ገባ። ተነሥታ ሄዳ ሻሹን ገለጥ አድርጋ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። ሞቋል። በየቀኑ እንደዚህ ትነካዋለች። ከደበበ እጅ ሥራ ቤቱ ውስጥ ገና የሚሞቅ እሱ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ እንዲበርድ አላደርግም ብላ ለራሷ ምላለች።

ዓርብ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ሀሩን ከአል ዐይን መጣ። ከደበበ ጋር ደሴ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ጁምዓ ሰግዶ፣ የደበበን መኪና ከፖሊስ አስለቅቆ፣ ራሱ ነድቶት ነው የደረሰው። በሁለት እጁ ከበድ ያለ የብረት ዕቃ ታቅፎ ገባና ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሴቶቹም ተቀበሉት።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እኅቴ» አላት ሲረጋጋ። «ይኼ ከመኪናው ኋላ ነበር። ሊያመጣልሽ የነበረው ነው።»

ጥሩወርቅ ዕቃውን አየችው። ያ የመብራት ሳጥን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእሷ ግን የበለጠ ከማደሩ በፊት እዚሁ ቢያልቅ የሚሻል መሰላት። ሰው መስማቱን ረሳችው።

«ሀሩኔ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። መብራት አልጠፋም ነበር። ካውያ ልሰካ ብዬ እኔ ነኝ የነቀልኩት። ዋሸሁት። ባልዋሸው ይኼን ብሎ መንገድ አይወጣም ነበር።»

ሀሩን ዓይኑን በክንዱ ጠረገና አያት።

«ያውቅ ነበር እኮ» አላት።

«ምኑን?»

«እንደነቀልሽው። ሳጥኑ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ደቂቃ ራሱ ይመዘግባል። ሰባት ደቂቃ ይላል። የወጥ ቤታችሁ ማይክሮዌቭ ግን ሰዓቱን አልሳተም። መብራት ጠፍቶ ቢሆን ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ደግሞ ያን ጠዋት ሸሚዙን ሲለብሰው ትኩስ ነበር ብሎኛል። ይኼን የማያገጣጥም ደበበ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?»

ሀሩን ዕቃው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ወርክሾፕ ሲገባ ሳይቀመጥ ነው የነገረኝ። ‹ሀሩን፣ ሚስቴ ዋሸችኝ› አለኝ። ሌላ ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ። ‹ለኔው ሸሚዝ ብላ ነቅላው፣ እኔኑ ፈርታ መብራት ጠፋ አለችኝ። ዐሥራ አራት ዓመት አብራኝ ኖራ በአንድ ሳጥን ምክንያት የምትፈራኝ ከሆነ ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?› አለ። ፊቱን አዞረ። ከዚያ ይኼን እንሥራ አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ጥሩወርቅን አናግራት እንጂ ሶኬት ምን ይሠራልሃል?› ብለው ‹ይዤው ስገባ ታየዋለች፣ ያኔ እንሳሳቃለን› አለ። ነገር በአፉ አይሆንለትም ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን አሳያት። ስድስት ሶኬት አለው። አምስቱ ጥቁር ናቸው፤ ለሳጥኑ፣ ለትራንስፎርመሩ፣ ለድምፅ ማጉያው ናቸው። ስድስተኛው ነጭ ነው፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ለብቻው ተገጥሟል። ከላዩ በወረቀት ፕላስተር ላይ፣ በደበበ ጠማማ የእጅ ጽሕፈት «የጥርዬ ካውያ» ይላል።

«የዚህን መስመር ለብቻው ነው የለየነው» አለ ሀሩን። «ካውያ ብትሰኪበት ሰዓቱ ንቅንቅ አይልም። ግማሹን ቀን የፈጀብን እሱ ነው።»

ጥሩወርቅ ጽሑፉን በጣቷ ነካችው። ሰባት ቀን ሲመለስ የከረመው እንባዋ መጣ። ይቅር ብሏት ነበር፤ ይቅር ብሎ ነው መንገድ የወጣው። ደግሞ ይኼንኑ ሊሠራላት ሲል ነው የሄደው፤ እሱም እውነት ነው። ሀሩን «ያ ልብ አልጋው ላይም ይቆም ነበር፣ ደም ሥሩ ከተዘጋ ቆይቷል ብለዋል ሐኪሞቹ» አላት። ሰማችው። ሙሉ በሙሉ ግን አላጽናናትም፣ ሊያጽናናትም አይችልም። እትዬ ዘነበች እቅፍ አድርገው አስለቀሷት፣ የአብስራም መጥታ ከመሃል ገባች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም አንድ ላይ አለቀሱ።

ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «ወንድሜ፣ ግጠምልኝ» አለችው።

ሀሩን ራሱን አከከ። «ልገጥመው ብል የድሮውን መንቀል የግድ ነው። ሰዓቱ መሞቅ ከጀመረ ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«ዐሥራ ሰባት» አለች የአብስራ ወዲያው። እሷም ስትቆጥር ነበር።

«ዐሥራ ሰባቱ ይሰረዛል እንግዲህ። ከዜሮ ነው የሚጀምረው።»

ጥሩወርቅ በጣቶቿ ቆጠረች። ዛሬ ሰባት፣ ሠላሳ ሲጨመርበት ሠላሳ ሰባት። «ለአርባው ይደርሳል» አለች። «ቆይ፣ እኔ ነኝ የምነቅለው።»

ሻሹን አንሥታ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ከመደርደሪያው ጀርባ እጇን አስገብታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ገመዱን ነቀለች። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

«ኸላስ፣ ነቀልሽው?» አሉ እትዬ ዘነበች እንባቸው ሳይደርቅ። «የኔን እጅ ልትሰብሪው አልነበር!» ለቅሶ ቤቱ ሳቀ፤ ሳቁም መልሶ ለቅሶ ሆነ።

ሀሩን ሳጥኑንና ትራንስፎርመሩን በየሶኬታቸው ሰካቸው። መብራቷ ተመልሳ በራች። ጥሩወርቅ እጇን ከላይ አሳረፈች፤ ትንሽ በርዷል። ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በአንድ እጇ ካውያውን፣ በሌላው ሰማያዊውን ሸሚዝ ይዛ ተመለሰች። ደበበ ያን ማክሰኞ ለብሶት ውሎ፣ ታጥቦ፣ ሳይተኮስ ማስጫው ላይ የቀረ ነው።

«ለቅሶ ቤት ልብስ ይተኮሳል እንዴ?» አለች ከወደ ጥግ አንዷ።

«ዝም በይ አንቺ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ወለሉ ላይ ዘረጉላት።

ጥሩወርቅ ካውያውን በስድስተኛው ሶኬት ሰካችው። የአብስራ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካ መብራቷን ስትመለከት ቆየች። «ማሚ፣ ንቅንቅ አላለም» አለች። ጥሩወርቅ መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ እጅጌዎቹን፣ መጨረሻ ጀርባውን ተኮሰች። ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆልፋ፣ ደበበ «ሰማሽ?» እያለ የሚያስቀምጣት ወንበር ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ካውያውን አጠፋች፤ ገመዱን ግን አልነቀለችውም።